ትራይ ለአማርኛ፦ እየተጻፈ የሚጠቁም የፍለጋ ሳጥን አሠራር

ተጠቃሚው «ደብ» ብሎ ገና ሳይጨርስ ደብረ ብርሃን፣ ደብረ ማርቆስና ደብረ ታቦር ከሥር ተዘርዝረው እንዲታዩት ከተፈለገ፣ ለዚሁ ሥራ የሚስማማ የዳታ አደረጃጀት አለ። ትራይ ይባላል፤ ቃላትን እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ያደራጃል። ሐሳቡን ሬኔ ደ ላ ብሪያንዴ እ.ኤ.አ. በ1959 አቀረበ፤ ስሙን ኤድዋርድ ፍሬድኪን በ1960 አወጣለት። ፍሬድኪን ስሙን የቀነጨበው «ሪትሪቫል» (ፈልጎ ማግኘት) ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል መሐል ስለሆነ እሱ ራሱ «ትሪ» ብሎ ነበር የሚጠራው። ይህ ግን ዛፍ ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ጋር በድምፅ አንድ ስለሚሆን ብዙው ሰው «ትራይ» ይለዋል፤ እዚህም እንደዚያው እንጠራዋለን።

ዛፉን ራሱን ጽፎ ማስነሣት የግማሽ ቀን ሥራ ነው። አማርኛ ላይ ሥራውን የሚያበላሸው ከዛፉ በፊት ያለው ጥያቄ ነው፦ ለዛፉ «አንድ ፊደል» ብለን የምንሰጠው ምንድን ነው? ለእንግሊዝኛ የተጻፈ ኮድ ተገልብጦ ሲመጣ ይህ ጥያቄ ስለማይነሣ ፍለጋው ግማሹን ጊዜ ባዶ ይመልሳል። ስለዚህ አብዛኛው መመሪያ እዚያ ላይ ያተኩራል። ምሳሌያችን የከተማ ስም መፈለጊያ ሳጥን ነው።

ዛፉ ባጭሩ

ከላይ ባዶ መነሻ ኖድ (የቅርንጫፎች መጋጠሚያ ነጥብ) አለ። ከእሱ የሚወጣ እያንዳንዱ ቅርንጫፍ አንድ ምልክት ይይዛል። ቃል ማለት ከመነሻው ወደ ታች የሚወርድ መንገድ ነው፤ በአንድ ዓይነት ፊደላት የሚጀምሩ ቃላት እስኪለያዩ ድረስ በአንድ መንገድ ይሄዳሉ። ደብረ ብርሃን፣ ደብረ ማርቆስ፣ ደብረ ታቦር፣ ደብረ ዘይት ክፍት ቦታው ሳይቆጠር 26 ፊደል ናቸው። ዛፉ ውስጥ ግን «ደብረ» አንዴ ብቻ ስለሚጻፍ ከመነሻው በቀር 17 ኖድ ይበቃቸዋል። ዋናው ጥቅም ግን የቦታ ቁጠባው አይደለም። «ደብረ» እስከሚለው ኖድ ለመድረስ ሦስት እርምጃ ይበቃል፤ ዝርዝሩ መቶ ስም ይኑረው መቶ ሺህ፣ እርምጃው ያው ሦስት ነው። ከዚያ ኖድ በታች ያለው ሁሉ ደግሞ መልሱ ነው።

ትራይ የማያስፈልግበት ጊዜም አለ። ሙሉ ቃል መኖሩንና አለመኖሩን ብቻ ለማወቅ ሃሽ ማፕ (ቃሉን በቀጥታ ቦታው ላይ የሚያገኝ ሠንጠረዥ) ይሻላል። ጥቂት ሺህ የማይለዋወጡ ቃላት ካሏችሁም በፊደል ተራ ደርድራችሁ ባይነሪ ሰርች (ዝርዝሩን ለሁለት እየከፈሉ መፈለግ) መጠቀም ይበቃል፤ አንድ ሚሊዮን ቃል እንኳ በ20 ያህል ንጽጽር ይገኛል። ትራይ ዋጋውን የሚመልሰው ሰው ፊደል በነካ ቁጥር የሚሻሻል ጥቆማ ሲፈለግ፣ ወይም አንድ ጽሑፍ በየትኛው ረጅም ቅድመ ቅጥያ እንደሚጀምር ማወቅ ሲያስፈልግ ነው።

1. ፊደልን በቀጥታ ብናስገባ ምን ይበላሻል?

አንድ ፊደል አንድ ኖድ ይሁን እንበል፤ ሦስት ነገር ይሰበራል።

አንደኛው አጻጻፍ ነው። በዝርዝራችሁ ውስጥ «ጎንደር» ካለ «ጐንደር» ብሎ የጻፈ ሰው ምንም አያገኝም። ሐረርና ሀረር፣ ዓድዋና አድዋ እንደዚሁ ናቸው።

ሁለተኛው ሳድስ ነው። «ቤት» የ«ቤቶች» መጀመሪያ እንደሆነ ማንም አማርኛ አንባቢ ያውቃል፤ ለኮምፒውተሩ ግን «ት» እና «ቶ» ፍጹም የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው። «ቤት» ብሎ የፈለገ «ቤቶች»ን አያገኝም።

ሦስተኛው ከሁሉ የከፋው ነው፤ ብዙ ጊዜም ሳይታወቅ ያልፋል። በድምፅ ኪቦርድ (ፊደሉን በላቲን ድምፁ እየነኩ በሚጻፍበት) «ሰላም» ሲጻፍ ማያው ላይ በቅደም ተከተል የሚታየው ስ፣ ሰ፣ ሰል፣ ሰላ፣ ሰላም ነው። ሳጥኑ በየመካከሉ ይጠይቃል። «ስ» ሲላክ የ«ሰላም» መንገድ አይገኝም፤ «ሰ» ሲሆን ይገኛል፤ «ሰል» ሲሆን ደግሞ ይጠፋል። ጥቆማው ብልጭ ድርግም ይላል። ገንቢው ኔትወርኩ ይመስለዋል፤ ስሕተቱ ግን ዛፉ ውስጥ ነው።

2. ፊደልን ወደ ተነባቢና አናባቢ መፍታት

ለሁለተኛውና ለሦስተኛው ችግር መድኃኒቱ አንድ ነው፦ እያንዳንዱን ፊደል ለሁለት መክፈል። ዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር የሚሰጠው ዓለም አቀፍ ደረጃ) እ.ኤ.አ. በ1999 የግእዝ ፊደልን ሲያስገባ ፊደላቱን በስምንት ስምንት ስለደረደራቸው ሥራው ተራ ሒሳብ ነው። «ሀ» ቁጥሩ 4608 ነው፤ «ለ» 4616፤ «ሐ» 4624፤ እንዲህ እያለ እስከ «ፐ» ረድፍ መጨረሻ፣ እስከ 4951 ይዘልቃል።

ረድፍ = (ቁጥር − 4608) ÷ 8፣ ሙሉውን ክፍል ብቻ
ተራ = የዚያው ማካፈል ቀሪ + 1

ተራ 1 ግዕዝ፣ 2 ካዕብ፣ 3 ሣልስ፣ 4 ራብዕ፣ 5 ኃምስ፣ 6 ሳድስ፣ 7 ሳብዕ ነው፤ 8 ደግሞ እንደ ሏ፣ ሟ፣ ሷ ያሉት ናቸው። «ቤ» ቁጥሩ 4708 ነው፤ 4608 ሲቀነስ 100፣ ለ8 ሲካፈል 12 ቀሪ 4፤ ስለዚህ 12ኛው ረድፍ፣ ተራ 5። የረድፍ ቁጥር ከዜሮ ስለሚጀምር 12ኛው የ«በ» ረድፍ ነው።

አሁን ሕጉን አስቀምጡ፦ ለተነባቢው አንድ ምልክት፣ ከኋላው ለአናባቢው አንድ ምልክት አውጡ፤ ፊደሉ ሳድስ ከሆነ ግን ተነባቢውን ብቻ አውጡ፣ አናባቢ አትጨምሩ። የቀረው ሁሉ የሚያርፈው በዚህች ሕግ ላይ ነው። ተነባቢውን በሳድሱ፣ አናባቢውን በተራ ቁጥሩ ብንጽፍ፦

ቤት → ብ 5 ት
ቤቶች → ብ 5 ት 7 ች
ስ → ስ
ሰል → ስ 1 ል
ሰላም → ስ 1 ል 4 ም

ሲተየብ በመካከል የሚታየው ሁሉ አሁን የመጨረሻው ቃል እውነተኛ መጀመሪያ ሆነ። «ቤት»ም በ«ቤቶች» ውስጥ ተገኘ። አፈታቱ አሻሚነት የለውም፤ ከተነባቢ ቀጥሎ ሌላ ተነባቢ ከመጣ ወይም ቃሉ ካበቃ ፊደሉ ሳድስ ነው ማለት ነው።

በኮድ ውስጥ ለተነባቢው የረድፉን የመጀመሪያ ፊደል የዩኒኮድ ቁጥር፣ ለአናባቢው ከ1 እስከ 9 ያሉትን ቁጥሮች ተጠቀሙ። ረድፉን ከ0 እስከ 42፣ አናባቢውን 51፣ 52 እያላችሁ ብትሰይሙ ከተራ አኃዞች ጋር ትጋጫላችሁ፤ «3» የሚለው አኃዝ ራሱ ቁጥሩ 51 ነውና። ከ4608–4951 ውጭ ያለ ምልክት፣ አኃዝም ሆነ የላቲን ፊደል፣ እንዳለ ይለፍ።

3. ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ማዋሐድ

ረድፍና ተራ ከተለዩ በኋላ ውሕደቱ አጭር ሠንጠረዥ ነው። ቅደም ተከተሉን ጠብቁ፤ ዲቃላዎቹ (እንደ ቈ እና ጐ ያሉት) መጀመሪያ፣ ረድፎቹ ቀጥለው፣ የሀ እና የአ ልዩ ሕግ መጨረሻ።

ሀ) ዲቃላዎች። የቈ ረድፍ (9) ወደ ቀ (8)፣ የኈ (17) ወደ ኀ (16)፣ የኰ (22) ወደ ከ (21)፣ የጐ (34) ወደ ገ (33) ይሂድ። ተራቸውም ይቀየራል፦ 1 ወደ 7፣ 3 እና 6 ወደ 2፣ 4 ወደ 8፣ 5 ወደ 9። በዚህ ጐ ከጎ፣ ቍ ከቁ ጋር አንድ ይሆናል፤ ቋ ደግሞ «ቅ 8» ይሆንና «ቅ» ብሎ መተየብ የጀመረ ሰው «ቋንቋ»ን ሳያጣ ይቀጥላል።

ለ) ረድፎች። ሐ (2) እና ኀ (16) ወደ ሀ (0)፣ ሠ (4) ወደ ሰ (6)፣ ዐ (26) ወደ አ (20)፣ ፀ (40) ወደ ጸ (39)።

ሐ) ረድፍ 0 ሆኖ ተራ 4 ከሆነ ተራውን 1 አድርጉ፤ ሃ እና ሀ ድምፃቸው አንድ ነው። ረድፍ 20 ሆኖ ተራ 4 ወይም 8 ከሆነም 1 አድርጉ፤ በዚያ ረድፍ ስምንተኛው ኧ ነውና።

ኸን አትንኩት። አንዳንዱ በሀ፣ አንዳንዱ በከ ቦታ ስለሚጽፈው ወደ የትም ብትወስዱት የሚጎዳ ቃል አለ።

ይህ ውሕደት መረጃ ያጠፋል፤ ሠረቀ (ፀሐይ ወጣች ለማለት) እና ሰረቀ አንድ መንገድ ላይ ይወድቃሉ። ስለዚህ የተፈታው ቅርጽ ለመንገድ ብቻ ይሁን። ለተጠቃሚ የሚታየው ግን ሁልጊዜ ዋናው ጽሑፍ፣ ባለቤቱ እንደጻፈው መሆን አለበት። በቋንቋው ላይ ፕሮግራሙ የራሱን አጻጻፍ እንዲጭን መፍቀድ ስሕተት ነው ብለን እናምናለን።

ከመፍታት በፊት ክፍት ቦታን፣ ታብን፣ ሁለት ነጥብን (ቁጥሩ 4961 የሆነውን ፡) እና ሰረዝን አስወግዱ፤ አዲስ አበባን ገጥሞ የሚጽፍ ሰው ብዙ ነው። አኅጽሮትንም ከማስወገዱ በፊት ዘርዝሩ፦ ደ/ ወደ ደብረ፣ ድ/ዳዋ ወደ ድሬ ዳዋ። የሰው ስም ከሆነ ገ/ ወደ ገብረ፣ ወ/ ወደ ወልደ፣ ኃ/ ወደ ኃይለ።

4. ኖድና ማስገባት

ስሞቹን በአንድ ሠንጠረዥ አስቀምጡ፦ መለያ ቁጥር፣ ዋናው ጽሑፍ፣ ክብደት። ክብደቱ የፍለጋ ብዛት ወይም የሕዝብ ቁጥር ሊሆን ይችላል። በክፍል 2 እና 3 ያለውን ሥራ ሁሉ የሚሠራውን ፈንክሽን «ፍታ» እንበለው። ኖዱ አራት ነገር ይይዛል፦

ልጆች — ከምልክት ወደ ኖድ
ቃሎች — እዚህ የሚያልቁ ስሞች መለያ ቁጥር ዝርዝር
ምርጥ — ከዚህ በታች ካሉት ከፍተኛ ክብደት ያላቸው 10 መለያዎች
አላፊ — ስንት ቃል በዚህ እንዳለፈ

አስገባ(ቃል፣ መለያ)፦
  ኖድ = መነሻ
  መለያውን በኖድ.ምርጥ ውስጥ መዝግብ
  በፍታ(ቃል) ውስጥ ላለ እያንዳንዱ ምልክት፦
    ምልክቱ በኖድ.ልጆች ከሌለ አዲስ ኖድ ፍጠር
    ኖድ = ኖድ.ልጆች[ምልክት]
    ኖድ.አላፊ ላይ 1 ጨምር
    መለያውን በኖድ.ምርጥ ውስጥ መዝግብ
  መለያውን በኖድ.ቃሎች ላይ ጨምር

«መዝግብ» ሲባል መለያው አስቀድሞ ካለ አይደገም፤ ዝርዝሩ 10 ካልሞላ ይጨመር፤ ከሞላና ክብደቱ ከዝቅተኛው ከበለጠ ዝቅተኛው ወጥቶ እሱ ይግባ። አለመደገሙን መፈተሽ የግድ ነው፤ በኋላ ለአንድ ከተማ ብዙ መንገድ ስለምንሰጥ ያለዚያ ያው ስም ሁለቴ ይወጣል።

«ቃሎች»ን አትርሱት። አንድ ኖድ መኖሩ ቃል መኖሩን አያሳይም፤ «ደብረ» የሚል ኖድ አለ፣ «ደብረ» የሚል ከተማ ግን ዝርዝራችን ውስጥ የለም። ይህን መለያ የዘለለ ኮድ መጀመሪያ ላይ የሚሠራ ይመስላል፣ ሙሉ ቃል ሲጠየቅ ግን ይዋሻል።

በፓይተን የምትሠሩ ከሆነ ባዶውን የልጆች ዲክሽነሪ የፈንክሽኑ ነባሪ ዋጋ አድርጋችሁ አትስጡት። ነባሪው የሚፈጠረው አንዴ ብቻ ስለሆነ ኖዶች ሁሉ አንድ ዲክሽነሪ ይጋራሉ፤ ውጤቱም ማንኛውም ፊደል ከማንኛውም በኋላ «ይገኛል»። በኖዱ መፍጠሪያ ውስጥ በየጊዜው አዲስ ፍጠሩ። በሲ ወይም በጎ (Go) ቋንቋ ከሆነ ደግሞ ሉፑ በባይት እንዳይሄድ ተጠንቀቁ፤ በዩቲኤፍ-8 (የዩኒኮድ ቁጥሮች በባይት በሚጻፉበት ስልት) እያንዳንዱ ፊደላችን 3 ባይት ነው፣ የመጀመሪያው ባይትም ሁልጊዜ 225 ነው። በባይት የተሠራ ዛፍ ሦስት እጥፍ ይረዝማል፤ ከመካከል ሲቆረጥም የማይነበብ ምልክት ያወጣል።

5. መፈለግ

ፈልግ(ጽሑፍ)፦
  ኖድ = መነሻ
  በፍታ(ጽሑፍ) ውስጥ ላለ እያንዳንዱ ምልክት፦
    ምልክቱ በኖድ.ልጆች ከሌለ ባዶ መልስ
    ኖድ = ኖድ.ልጆች[ምልክት]
  ኖድ.ምርጥን በክብደት ደርድረህ መልስ

ሲገባና ሲፈለግ የሚያልፉበት «ፍታ» አንድ ፈንክሽን መሆን አለበት፤ ተገልብጦ በሁለት ቦታ የተጻፈ ከሆነ አንዱ ቀን አንዱ ብቻ ይስተካከልና ፍለጋው ያለ ምክንያት መክሸፍ ይጀምራል።

«ምርጥ» ለምን ተቀመጠ? ያለ እሱ «ስ» ብቻ ሲጻፍ በሥሩ ያለውን ቅርንጫፍ ሁሉ ወርዶ መሰብሰብ ግድ ይላል፤ ከባዱ ጥያቄ ደግሞ አጭሩ ነው፣ አጭሩም ሁሉም ሰው የሚያልፍበት ነው። በየኖዱ 10 መለያ በ4 ባይት 40 ባይት ነው፤ ለዚህ ፍጥነት ርካሽ ዋጋ ነው። ባዶ ሳጥን ሲከፈትም የመነሻው «ምርጥ» በጣም የሚፈለጉትን ያሳያል። ክብደት ሲጨምር መንገዱን ዳግም መሄድ ይበቃል፤ ሲቀንስ ግን የወጣው ቦታ በማን እንደሚሞላ ኖዱ አያውቅም። ዝርዝሩ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ብቻ ከሆነ ሌሊት ሌሊት ዛፉን እንደ አዲስ መገንባት ከሁሉ ይቀላል።

መልሱ ባዶ ከሆነና የመጨረሻው ምልክት አናባቢ ከሆነ፣ አናባቢውን ጥላችሁ እንደገና ፈልጉ። በአንዳንድ ኪቦርድ «ሴ» የሚጻፈው በ«ሲ» በኩል ስለሆነ ይህ ተጠባባቂ መንገድ ለዚያ ቅጽበት ይደርሳል።

6. ለአንድ ስም ብዙ መንገድ

ሐዋሳና ሀዋሳ በውሕደቱ አንድ ሆነዋል፤ «አዋሳ» ግን በተነባቢው ይለያል። እንዲህ ላለው ያው መለያ ቁጥር በሁለተኛ ስም እንደገና ይግባ። ቢሾፍቱና ደብረ ዘይትም እንደዚሁ። ሁለት ቃል ያለውን ስም ከሁለተኛው ቃል ጀምራችሁም አስገቡ፤ «ምንጭ» ያለ ሰው አርባ ምንጭን ያግኝ። ለ«አበባ» እና ለ«ብርሃን»ም ይጠቅማል።

7. መሰረዝ

መጀመሪያ ቃሉ መኖሩን አረጋግጡ። ከዚያ በመንገዱ እየወረዳችሁ ከ«አላፊ» 1 ቀንሱ፤ ዜሮ የደረሰውን የመጀመሪያ ኖድ ከወላጁ ቁረጡት፣ ከሥሩ ያለው ሁሉ አብሮ ይሄዳል። ሳያረጋግጡ መቀነስ የጀመረ ኮድ ያልነበረ ቃል ሲሰረዝ የሌላውን ቅርንጫፍ ያደርቃል። ለአንድ መለያ የገቡትን መንገዶች በሙሉ ሰርዙ፤ መለያውንም ከቀሩት ኖዶች «ቃሎች»ና «ምርጥ» አውጡ።

8. ሜሞሪ

ልጆችን ለዩኒኮዱ የግእዝ ክልል ሙሉ 384 ቦታ ባለው አሬይ ብትይዙ፣ ፖይንተር (የልጁን ኖድ አድራሻ የሚይዝ ቁጥር) 8 ባይት ስለሆነ አንድ ኖድ 3072 ባይት ይበላል። ፊደሉ ተፈትቶና ተዋሕዶ ምልክቶቹ ከ50 ስለማይበልጡ 400 ባይት ይበቃል፤ ቢሆንም ሚሊዮን ኖድ 400 ሜጋባይት ነው። ደ ላ ብሪያንዴ መጀመሪያ ያቀረበው የተያያዘ ዝርዝር እዚህ ጋ ዛሬም ያዋጣል፦ እያንዳንዱ ኖድ «የመጀመሪያ ልጅ» እና «ቀጣይ ወንድም» የሚሉ ሁለት ባለ 4 ባይት ቁጥሮች፣ አንድ መለያና አንድ ምልክት ብቻ ይያዝ። ከ«ምርጥ»ና ከ«አላፊ» በቀር 16 ባይት ነው፤ ለሚሊዮን ኖድ 16 ሜጋባይት። ወንድሞቹ ጥቂት ስለሆኑ በየደረጃው አንድ በአንድ ማየት አያዘገይም።

አንድ ልጅ ብቻ ያላቸውን ኖዶች ሰብስቦ በአንድ ቅርንጫፍ ማሰር ሌላው መንገድ ነው፤ ዶናልድ ሞሪሰን እ.ኤ.አ. በ1968 ፓትሪሺያ ብሎ ያቀረበው ከዚህ ወገን ነው። ማስገባቱ ግን ቅርንጫፍ መሰንጠቅን ይጠይቃል፤ ሜሞሪ ካልጠበበ አትጀምሩት።

9. ከጎንደር፣ በደሴ፣ ባዳማ

ሰው ሳጥኑ ላይ «ከጎንደር» ብሎም ይጽፋል። የ፣ በ፣ ለ፣ ከ፣ ስለ፣ ወደ፣ እንደ እና እስከን ብቻ የያዘ ትንሽ ሁለተኛ ትራይ ሥሩ። በጽሑፉ ላይ ውረዱበት፤ ቃል የሚያልቅበት ኖድ ባገኛችሁ ቁጥር ቦታውን ያዙ፤ መንገዱ ሲቋረጥ መጨረሻ የያዛችሁት ረጅሙ ቅድመ ቅጥያ ነው። የሊኑክስ ከርነል (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) በአይፒቪ4 የኢንተርኔት አድራሻ የሚሄድ መረጃን ወደ የት እንደሚልክ የሚወስነውም በዚሁ ረጅሙን የመምረጥ ሥራ፣ በትራይ ነው።

ቅጥያውን ቀድማችሁ አትቁረጡ። ከሚሴ፣ በደሌ፣ በቆጂ በ«ከ» እና በ«በ» የሚጀምሩ ከተሞች ናቸው፤ ሲቆረጡ «ሚሴ»፣ «ደሌ»፣ «ቆጂ» የሚባል የሌለ ነገር ይቀራል። መጀመሪያ ሙሉውን ፈልጉ፤ ባዶ ከሆነ ብቻ ቆርጣችሁ ቀሪውን ፈልጉ። «በደ» ላይ በደሌ ይታያል፤ «በደሴ» ሲሞላ በሙሉው ምንም ስለማይገኝ ተቆርጦ ደሴ ይመጣል። በአ የሚጀምር ስም ደግሞ ይዋጣል፦ «ባዳማ» የሚፈታው «ብ 4 ድ 4 ም 4» ተብሎ ነው። መጀመሪያው ብ፣ ክ፣ ል ወይም ይ ሆኖ ቀጥሎ 4 ከመጣ፣ ሁለቱን አውጥታችሁ በ«እ 1» ተኩና ፈልጉ፤ አዳማ ይገኛል። ባሕር ዳር በዚህ ሕግ አይጎዳም፤ ሙሉው አስቀድሞ ይገኛልና።

ሥራውን ከማውጣታችሁ በፊት እነዚህን ጥንዶች በ«ፍታ» አሳልፉ፤ ውጤታቸው አንድ መሆን አለበት፦ ዓድዋ/አድዋ፣ ሐረር/ሀረር፣ ጐንደር/ጎንደር፣ ፀሐይ/ጸሃይ፣ ሠላም/ሰላም፣ ሗላ/ኋላ፣ ብርሃን/ብርሀን። ከዚያ ስ፣ ሰ፣ ሰል፣ ሰላ፣ ሰላምን በቅደም ተከተል ፈልጉ፤ አንዱም ባዶ መመለስ የለበትም። ሗላና ኋላ ካልተገናኙ የዲቃላው ሠንጠረዥ ከረድፎቹ ውሕደት በኋላ እየተሠራ ነው ማለት ነው፤ ቅደም ተከተሉን አስተካክላችሁ ዛፉን እንደ አዲስ ገንቡ።